የእጅ ጡንቻ ሪፍሌክስ (ጡንቻ ሳናዝዘው በራሱ የሚሰጠው መልስ)፦ ጠይቁኝ

ደሴ ፊዚዮ፦ ዛሬ ማታ እስከ ሶስት ሰዓት አለሁ። ካሁኑ ልንገራችሁ፣ እዚህ አንብቦ ራሱን በሽተኛ የሚያደርግ ሰው አልፈልግም።

የሐይቅ ልጅ፦ ጋሼ፣ የጣት ጡንቻ ድንገት ሲሳብ መልሶ የሚኮማተረው ከህብለ ሰረሰር ነው ከአንጎል?

ደሴ ፊዚዮ፦ ሁለቱም፣ ጎሽ። ሌባ ጣትህን ወደ መሃል ጣትህ ድንገት ብገፋው በአውራና በሌባ ጣት መሃል ያለችው ጡንቻ ትሳባለች። 30 ሚሊሰከንድ (የሰከንድ አንድ ሺኛ ማለት ነው) አካባቢ የመጀመሪያው መልስ ይመጣል፣ ይሄ ከህብለ ሰረሰር ነው። ሁለተኛው ከ50 እስከ 60 ላይ ነው፣ እሱ አንጎል ድረስ ወጥቶ ይመለሳል፣ አውቀህ ልታደርገው ብትል ግን ከ100 ያልፋል። በምን ታወቀ? አንድ እጃቸውን ሲያንቀሳቅሱ ሌላውም አብሮ የሚንቀሳቀስባቸው ሰዎች አሉ፣ ከአንጎል የሚወርደው መስመር ለሁለቱም እጅ ይከፈልባቸዋል። የአንዱን እጅ ጣት ሲስቡባቸው የመጀመሪያው መልስ እዛው እጅ ብቻ ታየ፣ ሁለተኛው ግን በሁለቱም እጅ! ስንቴ ባወራው አልጠግበውም።

ቦርከና፦ እጅ እየተንቀሳቀሰ ከሆነስ?

ደሴ ፊዚዮ፦ ዋናው እሱ ነው እኮ። ሪፍሌክስ እንደ ደወል አንዴ በተጫኑት ቁጥር እኩል አይጮህም። ጡንቻው እያጠረ ሲሄድ ውስጡ ያለው የመሳብ ጠቋሚ ይላላል፣ ስለዚህ ጣትን ዝም ብሎ ከመያዝ ይልቅ ሲያንቀሳቅሱ መልሱ ብዙ ጊዜ ያንሳል። ደግሞ ቀድሞ የተደረገው ነገርም አለ፦ እርጎ ሳይነካ ሲቆይ ይረጋል ስታማስለው ይቀጥናል አይደል፣ የጠቋሚው ክሮችም እንደዛው ናቸው። ለዚህ ነው ስትመረምሩ እጁን አሳርፉ፣ ሁለቱንም እጅ አንድ አይነት አድርጉ የምለው። በፈረንጆቹ 1956 ደግሞ ተመራማሪዎች ክንድ ላይ ሰውየውን "ያዝ" ወይም "ልቀቅ" ብለው ሲስቡት የኋለኛው መልስ ተቀየረ፣ የመጀመሪያው አልተነካም።

ወይኗ፦ እናቴ ስትፈትል ክሩ ሊበጠስ ሲል ጣቷ ቀድሞ ያውቃል፣ እሱም ይሄ ነው?

ደሴ ፊዚዮ፦ እሱ አይመስለኝም እህቴ። ክር ጡንቻ የሚስብ ጉልበት የለውም፣ የሚያውቀው የጣት ቆዳ ነው። ሲኒ ሊያመልጥሽ ሲል የምታጠብቂውም በዛው ነው።

ጦሳ ስር፦ የኔ እጅ ይንቀጠቀጣል፣ ቡና ነው?

ቦርከና፦ ጫቱን ቀንስ እንጂ ቡናን አትስደብ

ጦሳ ስር፦ እኔ ጫት አልቅምም ወላሂ!

ደሴ ፊዚዮ፦ ወገኖች! መንቀጥቀጥና ሪፍሌክስ አንድ አይደሉም፣ ሐኪም ይየው።

ጦሳ ስር፦ እሺ ግን ሪፍሌክሴ ደካማ ከሆነስ?

ደሴ ፊዚዮ፦ በምን ለካኸው? እላይ ያለውን አንብብ። እጅህ ተንቀሳቅሶ ነበር ወይስ አርፎ? ጥርስ ነክሶ ሲደገም ብዙ ጊዜ ይጎላል፣ ስለዚህ አንዴ አልታየም ማለት የለም ማለት አይደለም። ሁለቱ እጅ ተለያዩብኝ ካልክ ግን ቶሎ ተመርመር፣ እዚህ አትጻፍልኝ።

አዲስ ገቢ፦ ስለ ነርቭ ያስረዱን

ደሴ ፊዚዮ፦ ስለ ምኑ?