ጌታ አንድ ይሁኑ ብሎ ከጸለየ እኛ ለምን ተከፋፈልን?

ጥያቄ፦ ሰላም አዘጋጆች እንዴት ናችሁ። ተወልጄ ያደግኩት አራት ኪሎ ነው፣ ቤተሰባችን በሙሉ ኦርቶዶክስ ነው፣ ታናሽ ወንድሜ ግን ዩኒቨርሲቲ እያለ ሙሉ ወንጌል ገባ፣ ያገባት ልጅም መካነ ኢየሱስ ያደገች ናት። ያለፈው ፋሲካ እናታችን ቤት ተሰብስበን ገና ዶሮው ሳይቀርብ በእመቤታችን ምልጃ ክርክር ተነሳና እኔ መናፍቅ አልኩት፣ እሱ ጣዖት አምላኪ አለኝ፣ ከዛ ወዲህ በበዓል አይመጣም። እናቴ በጣም አዝናለች። ይሄ ሁሉ ቤተ ክርስቲያን ለምን በዛ? አንድ ቀን አንድ እንሆናለን? ደግሞስ ወንድሜ ማዕድ ላይ ሲጸልይ አሜን ብል ኃጢአት ይሆንብኛል ወይ?
እህታችሁ ከአራት ኪሎ

መልስ፦ እህቴ ሰላምሽ ይብዛ። እኔም የተዋሕዶ ልጅ ነኝ፣ የምመልስልሽም እዛው ቆሜ ነው። እኛ መሀል ከተማ ያለን ሰዎች ይሄን ጥያቄ በየቀኑ ነው የምናልፈው፣ ፒያሳ ብቻ እንኳ አራዳ ጊዮርጊስ አለ፣ የአርመኖቹ ጊዮርጊስ አለ፣ የግሪኮቹ አለ፣ የካቶሊኮቹ ልደታ ማርያም ካቴድራል አለ፣ በእግርሽ ሁሉንም ታዳርሻቸዋለሽ። ከአርመኖቹ ጋር እምነታችን አንድ ነው፣ ከግሪኮቹና ከካቶሊኮቹ ጋር ግን እ.ኤ.አ. በ451 የኬልቄዶን ጉባኤ ስለ ክርስቶስ ባሕርይ ከተለያየን ጀምሮ አብረን አንቆርብም።

ጌታ ያንን ጸሎት የጸለየው ሊያዝ በነበረበት ሌሊት ነው፣ ዮሐንስ 17 ላይ አንብቢው፣ ምክንያቱንም አብሮ ተናግሯል፣ ዓለም እንዲያምን ነው። ስለዚህ መከፋፈላችን የቤታችን ጉዳይ ብቻ አይደለም፣ ያላመነው ሰው እኛን እያየ ነው የሚሸሸው፣ እኔን በጣም የሚያመኝ ይሄ ነው። መከፋፈል ደግሞ ሚሲዮን ሲመጣ የተጀመረ አይደለም፣ ቆሮንቶስ ላይ ገና ጳውሎስ በሕይወት እያለ እኔ የጳውሎስ ነኝ እኔ የአጵሎስ ነኝ ይባባሉ ነበር። አንዳንዱማ ሃይማኖት እንኳ የለበትም፣ የሥልጣንና የገንዘብ ጸብ ነው።

አንድ እንሆናለን ወይ ላልሽው፣ በኃይል የሚመጣውን አንድነት ሀገራችን ሞክራዋለች። ዐፄ ሱስንዮስ ካቶሊክ ሆነው ሕዝቡን ሁሉ ካቶሊክ ሁን ሲሉ ያ ሁሉ ሰው ተላለቀና በመጨረሻ በ1624 ዓ.ም. የቀደመው ሃይማኖት ይመለስ ብለው ዙፋኑን ለልጃቸው ለፋሲል ለቀቁ። እኛው ውስጥም ስለ ክርስቶስ ባሕርይ በሚከራከሩ ወገኖች፣ ቅባት፣ ጸጋ እየተባለ ስንት ዘመን ተጣላን፣ በ1870 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ ቦሩ ሜዳ ላይ ጉባኤ ጠርተው ለተዋሕዶ ተፈረደ፣ እምቢ ያለው ግን ተቀጣ። እኔ ጉባኤው የወሰነውን ትምህርት አምናለሁ፣ በቅጣት ሰውን ማሳመን ግን ያኔም ልክ አልነበረም አሁንም አይሆንም።

ሁለተኛው መንገድ ቁጭ ብሎ መነጋገር ነው፣ እሱም እዚሁ ከተማችን ተሞክሯል። በጥር 1957 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ጠርተዋቸው የግብፅ፣ የሶርያ፣ የአርመንና የህንድ አባቶች ከእኛዎቹ ጋር አዲስ አበባ ተሰበሰቡ፣ በጥር 1963 ደግሞ ከኬልቄዶን ወዲህ የተለየናቸው የምሥራቅ ኦርቶዶክስ ሊቃውንት ከእኛ ወገን ሊቃውንት ጋር እዚሁ መጥተው ተነጋገሩ። በ1965 ዓ.ም. የሮሙ ጳጳስ ጳውሎስ 6ኛና የግብፁ አቡነ ሺኖዳ ስለ ክርስቶስ በጋራ የሚያምኑትን ጽፈው ፈረሙ። ከ1,500 ዓመት በኋላ ማለት ነው እህቴ! እስከ ዛሬም አብረው አይቆርቡም። የኛው ሲኖዶስ እንኳ የሀገር ውስጥና የውጭ ተብሎ ተከፍሎ ኖሮ ውግዘቱ ተነስቶ የታረቀው በ2010 ዓ.ም. ነው። ስለዚህ ተስፋ አለ፣ ግን ረጅም ነው፣ በአንድ ኮንፈረንስ አያልቅም።

ልዩነት የለም ሁላችንም አንድ ነን የሚሉትንም አትስሚ። አንቺ በ80 ቀንሽ ተጠምቀሻል፣ ወንድምሽ ያለበት ቤት አምኖ የሚጠመቀውን ነው የሚያጠምቀው፣ የሚስቱ ቤተ ክርስቲያን ግን ሕፃን ታጠምቃለች፣ ያው ፕሮቴስታንት የምንላቸውም እርስ በርስ ይለያያሉ። ቁርባን፣ ክህነት፣ ምልጃ፣ ይሄ ሁሉ ከባድ ነገር ነው፣ ወንድምሽን ለማስደሰት ብለሽ አትልቀቂው። እሱም እንዲለቅልሽ አትጠብቂ።

አንድ ነገር ግን ልጨምርልሽ። ደርግ ፓትርያርካችንን አቡነ ቴዎፍሎስን ከመንበራቸው አውርዶ አስሮ በ1971 ዓ.ም. ክረምት ገደላቸው። በዛው ክረምት የመካነ ኢየሱስ ዋና ጸሐፊ ቄስ ጉዲና ቱምሳ ኡራኤል ካለችው ቤተ ክርስቲያናቸው አስተምረው ሲወጡ ታፍነው ተገደሉ። ገዳዩ አንድ ነው። ዛሬ ዩቲዩብና ቲክቶክ ላይ የሁለቱ ልጆች ነን የሚሉ ሰዎች በዚህ ልክ ሲሰዳደቡ ሳይ ልቤ ይደማል፣ የእናንተም ቤት ጸብ ከነዛ ቪዲዮዎች የመጣ ይመስለኛል፣ ምክንያቱም ሁለታችሁ የተወራወራችሁት ስድብ ቃል በቃል እዛ የሚባለው ነው።

ታላቅ ነሽና አንቺ ቀድመሽ ደውይለት፣ መናፍቅ ስላልኩህ ይቅር በለኝ በይው፣ ስለ ምልጃው አሁን ምንም አታንሺ። መከራከር ካስፈለገ ሌላ ቀን መጽሐፍ ቅዱስ ይዛችሁ ሁለታችሁ ብቻ ተቀመጡ፣ እናታችሁ ባለችበትና በበዓል ማዕድ ላይ ግን በጭራሽ። ረቡዕና አርብ ቤቱ ከሄድሽ እንደምትጾሚ ቀድመሽ ንገሪው፣ ሽሮ መሥራት ለሚስቱ አይከብዳትም።

አሜን ስለማለቱ፣ የቤተ ክርስቲያናችን ሥርዓት አብሮ መጸለይ ላይ ጥብቅ ስለሆነ እኔ በመጽሔት ልፈቅድልሽም ልከለክልሽም አልችልም፣ የንስሐ አባትሽን ጠይቂያቸው፣ ታሪኩን ሳትደብቂ። እስከዛው ቤቱ የእናታችሁ ነውና ማዕዱን እሷ ትባርከው፣ አባታችን ሆይ ካለች ወንድምሽም ሚስቱም ያውቁታል።