ከብርቱካን ዘር ጀምሩ

የድሬ ልጆች፣ ዛሬ ብርቱካን ስትበሉ ዘሯን አትጣሏት። በአሮጌ ጣሳ እርጥብ አፈር ውስጥ ቅበሯትና ጥቂት ሳምንት ታገሱ። ከአንዷ ዘር ሁለት፣ አንዳንዴም ሦስት ቡቃያ ሲወጣ ታያላችሁ።

እኔ ይህን ያየሁት ገና ወጣት ሳለሁ፣ ችግኝ ጣቢያ ተቀጥሬ ነው። ቡቃያው የተጨናነቀ መሰለኝና ትርፍ ያልኩትን እየነቀልኩ ጣልኩ። አንድ ሽማግሌ አትክልተኛ እጄን ያዙኝ። «ተው ልጄ፣ እነዚህ ከእናታቸው ብቻ የተወለዱ ናቸው» አሉኝ። አላመንኳቸውም፤ ወንዴና ሴቴ ካልተገናኙ ዘር የለም ብለው ነው ያስተማሩን። እሳቸው ግን ልክ ነበሩ። በብርቱካንና በብዙው መንደሪን ዘር ውስጥ፣ ወንዴና ሴቴ ተገናኝተው ከሚፈጠረው ፅንስ ጎን፣ ከእናቲቱ ከራሷ አካል የሚበቅሉ ፅንሶች አሉ። የእናታቸው ግልባጭ ናቸው። ትርንጎ እንዲህ አያደርግም።

ሳይንሱ ይህን አፖሚክሲስ ይለዋል። ከዚያም አልፈው ጭራሽ የወንዴ ብናኝ የማይፈልጉ አበቦች አሉ። ሀይራሲየም የሚባሉት ቢጫ አበቦች ብዙዎቹ እንዲህ ናቸው። ግልባጭ በግልባጭ ስለሚተኩ፣ አንዱ ተራራ ላይ ያለችው ከሌላው ተራራ በትንሹ ተለይታ ትቀራለች፤ ለዚህም ነው በዓለም ላይ አንድ ገደል ብቻ ቤቷ የሆነ አበባ የሚኖረው። በዌልስ አገር ስኖዶኒያ ተራሮች ላይ ያለችው አንዷ እ.ኤ.አ. ከ1953 በኋላ ስላልታየች ጠፋች ተብሎ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2002 ገደል ላይ ተገኘች። በግ ግጦሹ ሲቀንስ ነው ብቅ ያለችው።

የዌልስ በግ ለድሬ ልጅ ምን ያደርግለታል ትሉ ይሆናል። አቦ፣ ደንገጎን ስትወጡ ፍየሎቹን ተመልከቱ! «ብቻዋን የምትዘራ አበባ ምን ትሆናለች» የሚለውን ሰው አትስሙ። ዘር ለመስጠት ማንንም አትፈልግም፣ የምትቆምበት መሬት ግን ያስፈልጋታል። ሁሉም ግልባጭ ስለሆኑ ደግሞ አንዷን የገደለ በሽታ ሌሎቹንም አይምርም። ደጉ ነገር፣ ከጥቂት እናቶች የተለቀመ ዘር በደንብ ደርቆ ብርድ ውስጥ ከተቀመጠ የዘሩን ጠቅላላ መልክ ይዞ ይቆያል።

በእኛው ሐርላ የተሰየመው እሬት፣ አሎ ሐርላና፣ በኢትዮጵያ ብቻ የሚገኝ ነው። የእሬት ጠባይ ግን ሌላ ነው። አብዛኞቹ እሬቶች ከሌላ ተክል የመጣ ብናኝ ይፈልጋሉ፣ ብናኙንም የአበባ ማር የምትመጥ ወፍ ወይም ንብ ታደርስላቸዋለች። ስለዚህ ከአንድ እሬት ዘር ለቅማችሁ አዳንኩት ማለት አይቻልም። ልጆች፣ አንድ ተክል ልታድኑ ስትነሱ መጀመሪያ እንዴት እንደሚዘራ እወቁ።

ነቅላችሁ ቤት አታምጡ። ቲክቶክ ላይ ቦታውን አታውጡ፣ ፎቶው ይበቃል። እረኛውን ጠይቁ፣ እንጨት ለቃሚዋን እናት ጠይቁ፣ በኦሮምኛም በሶማልኛም የሚሏትን ስም ከነቀኑ ጻፉ። እኔ ወጣት ሆኜ ስም መጻፍ ንቄ ነበር። ብዙ ነገር አለፈኝ፣ የነገሩኝ ሰዎችም ዛሬ የሉም።

አንዲት አበባ ብቻዋን ትዘራ እንደሆነ ማወቂያው እንዲህ ነው። ብዙ አበባ ባለበት ብቻ ሞክሩት። እንቡጧ ሳትፈነዳ በፊት ብናኝ የሚይዙትን ክሮች በጥንቃቄ አንሱላት፣ ካልተነሱ በራሷ ብናኝ ልትፀንስ ትችላለችና። ከዚያ ንብ እንዳይገባ በስስ ጨርቅ ሸፍኗት። ዘሩ እስኪበስል ጠብቁ። በየቀኑ እየከፈታችሁ አትዩ። ዘር ከያዘች ያለ አባት ሰጥታለች ማለት ነው። ያን ዘር ቁጠሩት፣ ደብተራችሁ ላይ ጻፉት፣ ከዚያ እዚያው ከእናቲቱ ሥር በትኑላት።