የሎዋርን ሸለቆ በብስክሌት መውረድ፦ ከኦርሌያን እስከ ሶሚዩር

ውድ እኅታችን፣ በነሐሴ ወር ከ14 ዓመት ልጅዎ ጋር በፈረንሳይ የሎዋርን ወንዝ ተከትለው በብስክሌት ለመጓዝ እንዳሰቡ፣ በእጅዎ ስምንት ቀን ብቻ እንዳለና ሁለታችሁም ከአንድ ቀን የበለጠ የብስክሌት ጉዞ አድርጋችሁ እንደማታውቁ ገልጸዋል። ከየት ተነሥተው የት ቢጨርሱ እንደሚሻል፣ በቀን ስንት ኪሎ ሜትር ማሰብ እንዳለብዎት፣ የትኞቹ ሻቶዎች (የነገሥታትና የመኳንንት ግንቦች) ሳይታዩ መታለፍ እንደሌለባቸውና ይህ ሁሉ ፍልሰታን እየጾሙ ይቻል እንደሆነ ጠይቀዋል። እኔና ባለቤቴ ይህንን መንገድ ሁለት ጊዜ ሄደንበታል፤ አንዱን በነሐሴ ሙቀት፣ ሌላውን በመስከረም መባቻ። የምነግርዎትም ከእነዚህ ሁለት ጉዞዎች ያገኘሁትን ነው።

ለብስክሌት የተዘጋጀው የሎዋር መንገድ ከኔቨር ከተማ አቅራቢያ ተነሥቶ እስከ አትላንቲክ ውቅያኖስ ድረስ 900 ኪሎ ሜትር ያህል ይረዝማል። አብዛኛው ክፍሉም እስከ ጥቁር ባሕር የሚዘልቀው የአውሮፓ 6ኛው የብስክሌት መስመር አካል ነው። በስምንት ቀን ይህን ሁሉ መጨረስ አይታሰብም፤ መሞከርም የለበትም። ለእናንተ የምመርጠው ከኦርሌያን እስከ ሶሚዩር ያለውን 250 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በቀን ከ30 እስከ 40 ኪሎ ሜትር ይሆናል ማለት ነው። ይህ ለጀማሪ ትንሽ ይመስል ይሆናል፤ ነገር ግን ቦርሳ የተጫነበት ብስክሌት በሰዓት ከ14 ወይም ከ15 ኪሎ ሜትር በላይ እምብዛም ስለማይሄድ፣ በመንገድ ላይ ለመብላት፣ ለማየትና ጥላ ሥር ለማረፍ ጊዜ እንዲተርፍ ከተፈለገ ከዚያ በላይ ማሰብ አይጠቅምም። ወደ ኦርሌያን ከፓሪስ በባቡር የሚወስደው አንድ ሰዓት ወይም ጥቂት ከዚያ የሚበልጥ ጊዜ ብቻ ነው።

አሁን የመጀመሪያው ጉዟችን ያስተማረንን ልንገርዎት። በዚያን ጊዜ ልናያቸው የሚገቡንን አሥራ አንድ ሻቶዎች በወረቀት ጽፈን ነበር የተነሣነው። በየቀኑ ሁለት እያየን፣ በአንዱ በር ቲኬት እየቆረጥን ወደ ሌላው እየተጣደፍን፣ በአራተኛው ቀን ማታ ባለቤቴ የትኛው የእሳት ማንደጃ የየትኛው ንጉሥ እንደነበረ ስትጠይቀኝ መልስ አጣሁላት። ሁሉም ነጭ ድንጋይ፣ ሁሉም ጥቁር ጣሪያ፣ ሁሉም ባለማማ ሆነው በአእምሮዬ ተደባልቀው ነበር። በሁለተኛው ጉዟችን ዝርዝሩን ትተን የአንዲትን ሴት ታሪክ ተከትለን ወረድን፤ ያየነውን ሁሉ ዛሬም ድረስ አስታውሰዋለሁ። ስለዚህ ለእርስዎም የምመክረው ሻቶ መቁጠርን ትተው አንድ ታሪክ ይዘው እንዲወርዱ ነው፤ በተለይ ልጅ ይዘው ሲሄዱ።

እኛ የተከተልነው በደቡብ ምዕራብ ፈረንሳይ ያለችውን የአኪቴንን ምድር ትገዛ የነበረችውን የዱቼስ አሌኖርን ታሪክ ነው። ከኦርሌያን 30 ኪሎ ሜትር ያህል ወርደው በመጀመሪያው ቀን የሚደርሱባት ቦዦንሲ በወንዙ ቀኝ ዳር ያለች ትንሽ ከተማ ስትሆን፣ ረጅም የመካከለኛው ዘመን የድንጋይ ድልድይ አላት። በ1152 ዓ.ም. በፈረንጆች አቆጣጠር (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም እንዲሁ ናቸው) የቤተ ክርስቲያን ጉባኤ በዚህች ከተማ ተሰብስቦ አሌኖር ከፈረንሳዩ ንጉሥ ከሉዊ 7ኛ ጋር የነበራትን ጋብቻ አፈረሰ። የተሰጠው ምክንያት የሥጋ ዝምድና ነበር፤ ነገር ግን ለንጉሡ ሁለት ሴቶች ልጆች እንጂ ወንድ ልጅ እንዳልወለደችለትም ሁሉም ያውቅ ነበር። እርስዋ ግን ሁለት ወር ሳይሞላ ሄንሪን አገባች፤ እርሱም ከሁለት ዓመት በኋላ ሄንሪ 2ኛ ተብሎ የእንግሊዝ ንጉሥ ሆነ፤ ስምንት ልጆችንም ወለዱ። በመንገድዎ መጨረሻ አካባቢ ያሉት ሺኖንና ፎንትቭሮ ሁለቱም የዚህ ቤተሰብ ታሪክ የተፈጸመባቸው ቦታዎች ናቸው።

ይህ ታሪክ ከእግርዎ ሥር ጭምር ይገኛል። ሎዋር በየጊዜው እየሞላ ሸለቆውን ያጥለቀልቅ ስለነበር ዳርና ዳሩ በረጅም ክትር ታጥሯል፤ የብስክሌቱ መንገድም ብዙውን ጊዜ በዚህ ክትር አናት ላይ ነው የሚሄደው። በሶሚዩር ዙሪያ ባለው በአንዡ ምድር የክትሩን ሥራ በ12ኛው ክፍለ ዘመን በንጉሣዊ ትእዛዝ ያጠናከረው ይኸው ሄንሪ 2ኛ ነው። በ1846፣ በ1856ና በ1866 የተነሡት ታላላቅ ጎርፎች የደረሱበት ከፍታ በብዙ የመንደር ግድግዳዎች ላይ ተቀርጾ ይታያል። እኔ ከራሴ በላይ የተቀረጸውን ምልክት አይቼ ወደዚያ ጸጥ ያለ፣ በአሸዋ ደሴቶች መካከል ቀስ ብሎ ወደሚወርድ ውኃ ዘወር ስል ለማመን ተቸግሬ ነበር። ልጅዎ በሙቀቱ ሰዓት ልዋኝ ብትል አይፍቀዱላት፤ አሸዋው ቦታውን ይቀያይራል፣ ከሥሩም ኃይለኛ ጅረት አለ፣ በአብዛኛው ቦታም መዋኘት የተከለከለ ነው።

ስለ ሻቶዎቹ ስጠየቅ በቀን ከአንድ በላይ አይግቡ እላለሁ። ሻምቦርን አይለፉት። የፈረንሳዩ ንጉሥ ፍራንስዋ 1ኛ በ1519 ያስጀመረው ይህ ግንብ ከ400 በላይ ክፍሎች ያሉት ሲሆን፣ በመካከሉ ያለው ደረጃ ሁለት ሰዎች ሳይገናኙ አንዱ ሲወጣ ሌላው እንዲወርድ ሆኖ ተጠምዝዞ የተሠራ ነው። ንጉሡ ግን በረጅም ዘመነ መንግሥቱ በዚያ የቆየው ተደምሮ ሦስት ወር አይሞላም። በዙሪያው ያለው 32 ኪሎ ሜትር አጥር የከበበው ደን ከግንቡ ባልተናነሰ ደስ ያሰኛል፤ በማለዳ በብስክሌት ሲገቡበት አጋዘን ሊያዩ ይችላሉ። (ከቦዦንሲ ወደዚያ ሲሄዱ የሴን ሎራን የኑክሌር ኃይል ማመንጫ ማማዎች ይታይዎታል፤ መንገድ የሳቱ እንዳይመስልዎት ነው አስቀድሜ የምነግርዎት።) በአምቧዝ ሊዮናርዶ ዳ ቪንቺ የመጨረሻ ሦስት ዓመታቱን ኖሮ በ1519 ያረፈበት ክሎ ሉሴ የተባለው ቤት አለ፤ በመሣሪያዎቹ ሞዴሎች ምክንያት ለልጆች ከማንኛውም ግንብ የተሻለ ነው። ሸኖንሶ በሼር ወንዝ ላይ ስለሆነ ከመንገድ ወጣ ይላል፤ አቅምና ጊዜ ከተረፈ ይሂዱ፤ ካልሆነ አይቆጭዎ። ቪላንድሪ በአትክልቱ ይታወቃል፤ ጎመኑና ቀይ ሥሩ በጌጥ ተተክሎ ሲያዩት ጓሮ ያላት ኢትዮጵያዊት ሁሉ ልብዋ ይማረካል።

ነፋሱን በቸልታ አይመልከቱት። በካርታ ላይ ወንዙን ተከትሎ መውረድ ቁልቁለት ይመስላል፤ ነገር ግን ከኦርሌያን እስከ ሶሚዩር ድረስ የከፍታው ልዩነት 70 ሜትር ያህል ብቻ ስለሆነ እግር አይሰማውም። የሚሰማው ከምዕራብ፣ ማለትም ከፊት ለፊት የሚነፍሰው ነፋስ ነው። ከሰዓት በኋላ እየበረታ ስለሚሄድ እኛ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ተነሥተን እስከ ስድስት ሰዓት አብዛኛውን መንገድ እንጨርስ ነበር፤ በማለዳ ወደ ምዕራብ ሲጓዙ ፀሐይም ከጀርባ ትሆናለች። ለሳምንቱ ብርቱ የምዕራብ ነፋስ ከተተነበየ በባቡር ወደ ሶሚዩር ሄዶ ወደ ላይ መጓዝ ይቻላል፤ ታሪኩ ከአሌኖር መቃብር ይጀምራል እንጂ አይበላሽም።

ስለ ጾሙ የጠየቁኝ በጣም አስፈላጊ ነገር ነው፤ ከዚህ በፊት ማንም ሲያነሣው አልሰማሁም። የመጀመሪያው ጉዟችን ሙሉ በሙሉ በፍልሰታ ውስጥ ስለነበር ከልምድ እናገራለሁ፤ ይቻላል፣ ነገር ግን ዝግጅት ይፈልጋል። ሸለቆው የፍየል አይብ አገር ነው፤ የገጠር ምግብ ቤት ደግሞ አትክልቱን ሳይቀር በቅቤ ነው የሚያበስለው። «ሳን ቤር፣ ሳን ፍሮማዥ፣ ሳን ዙዩፍ» (ያለ ቅቤ፣ ያለ አይብ፣ ያለ እንቁላል) የሚለውን ቃል ልጅዎ በወረቀት ጽፋ ትያዝ። እኛ ሕይወታችንን ያቆየነው በየከተማው የጠዋት ገበያ በምንገዛው ቲማቲም፣ ኮክና ዳቦ፣ በሆቴል ሳይሆን ማብሰያ ባላቸው ትናንሽ ቤቶች እያደርን በምናበስለው ምስርና በሶሚዩር ዋሻዎች በሚበቅለው እንጉዳይ ነበር። በርበሬና ሽሮ ከቤት ይያዙ፤ ክብደታቸው ትንሽ ነው፣ ከ35 ኪሎ ሜትር በኋላ የሚሰጡት ብርታት ግን ብዙ ነው። እስከ ዘጠኝ ሰዓት እጾማለሁ የሚሉ ከሆነ ግን እውነቱን ልንገርዎት፦ በ34 ዲግሪ ሙቀት ውኃ ሳይጠጡ ብስክሌት መንዳት አደገኛ ነው፤ ልጅም አብራ ስላለች የንስሐ አባትዎን አስቀድመው ያማክሩ። ዕረፍትዎን ማዛወር ከቻሉ ደግሞ ከነሐሴ 16 በኋላ ቢያደርጉት እመርጥልዎታለሁ። ጾሙ ተፈትቷል፣ ሙቀቱ በርዷል፣ የፈረንሳይ ልጆችም ወደ ትምህርት ቤት መመለሻቸው ደርሶ መንገዱ ጸጥ ይላል።

ብስክሌቱን በተመለከተ በሁለተኛው ጉዞ የደረሰብንን ልናገር። ከአንድ ሱቅ የተከራየነው ብስክሌት ከአምቧዝ አሥር ኪሎ ሜትር ያህል እንዳለፍን የኋላ ጎማውን ቸርኬ የሚወጥሩት ሁለት ቀጫጭን ሽቦዎች ተበጠሱበት። ቀኑ ሰኞ ነበር፤ በፈረንሳይ ገጠር ሰኞ ብዙ ሱቅ ዝግ ነው፤ እሑድ ከሰዓት በኋላም እንዲሁ፤ በሌላው ቀንም ከቀኑ ስድስት እስከ ስምንት ሰዓት ድረስ ሰው ሁሉ ምሳ ላይ ነው። ብስክሌቱን እየገፋን «አከይ ቬሎ» የሚል ምልክት ያለበት ማረፊያ ደረስንና ባለቤቲቱ ጠጋኝ አስጠርታ አሳደረችን። ይህ ምልክት ያለባቸው ማረፊያዎች ከመንገዱ አምስት ኪሎ ሜትር ባልራቀ ቦታ ያሉ፣ ለብስክሌት የሚቆለፍ ቦታና የመጠገኛ ዕቃ እንዲኖራቸው የሚገደዱ ናቸው፤ ሁሉንም አዳራችሁን ከእነርሱ ዘንድ ያድርጉ። ከመነሣትዎ በፊት ፍሬኑን፣ ካቴናውንና የኋላውን ጎማ ሱቁ ፊት ለፊት ያስፈትሹ፤ ሁለት ትርፍ ካላማዳሪና ፓምፕም ይያዙ። ውኃ ሲያልቅብዎ የመንደሩን መካነ መቃብር ይፈልጉ፤ በአብዛኛው ቧንቧ አለበት፣ የማይጠጣ ከሆነም ተጽፎበታል።

የመጨረሻዎቹን ሁለት ቀኖች አያጣብቡ። በሺኖን ሄንሪ 2ኛ በልጆቹ ከተሸነፈ በኋላ በ1189 የሞተበት ምሽግ ከቪየን ወንዝ በላይ ባለው ኮረብታ ላይ ቆሟል፤ የፈረንሳይን ጦር የመራችው ወጣቷ ዣን ዳርክም በ1429 ልዑሉን ሻርልን ያገኘችው በዚያው ነው። ከዚያ ወርደው ቪየን ከሎዋር ወደሚገናኝበት ወደ ካንድ-ሳን-ማርታን ይደርሳሉ፤ ካባውን ለሁለት ቀዶ ግማሹን ለለማኝ የሰጠው ቅዱስ ማርቲን በ397 ያረፈባት መንደር ናት። የቱር ሰዎች ሥጋውን በሌሊት በመስኮት አውጥተው በጀልባ ወደ ከተማቸው ወሰዱት ይባላል። ቤተ ክርስቲያኑን ካዩ በኋላ ከፍ ብሎ ካለው ቦታ ላይ ሆነው የሁለቱን ወንዞች መገናኛ ይመልከቱ።

ፎንትቭሮ ከዚያ አምስት ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ዳገት ስላለው ቦርሳዎቹን ማረፊያዎ ያስቀምጡ። በ1101 የተመሠረተው ይህ ገዳም መነኮሳትንም መነኮሳይያትንም በአንዲት እመ ምኔት ሥር ያስተዳድር ነበር፤ ከ1804 እስከ 1963 ደግሞ እስር ቤት ሆኖ ቆይቷል። ሄንሪ፣ ልጃቸው ሪቻርድ ልበ አንበሳና በ1204 ያረፈችው አሌኖር በሰፊውና ባዶው ቤተ ክርስቲያን ውስጥ በድንጋይ ተቀርጸው ጎን ለጎን ተኝተዋል። ባልዋ 15 ዓመት ያህል አስሯት ነበር፤ እርስዋ ግን ከእርሱ ሞት በኋላ 15 ዓመት ኖራ፣ በምስልዋ ላይ የተከፈተ መጽሐፍ በእጅዋ ይዛለች። እባክዎን ታሪኩን ለልጅዎ በቦዦንሲ ድልድይ ላይ ይጀምሩላት፤ መጽሐፉን ግን አስቀድመው አይንገሯት፣ ራስዋ ታግኘው።