ዝንጀሮም ጡረታ ይወጣል እንዴ?

«ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። የምጽፍልዎ ከቡራዩ ነው። ታናሽ ወንድሜ አሜሪካ ውስጥ በአንድ የምርምር ቦታ እንስሳት ይመግባል፣ ቤታቸውን ያጥባል። ባለፈው ሲደውል ‹አሥራ አንዱ ዝንጀሮዎቼ ጡረታ ወጡ› አለንና ስልክ ላይ አለቀሰ። ከእንግዲህ መርፌ የለም፣ እስኪሞቱ ድረስ የሚኖሩበት ቦታ ተወሰዱ አለ። እማዬ ይህን ስትሰማ ‹የኔ ጡረታ የወሩን ዘይት አልቻለም፣ እዚያ ለዝንጀሮ ተረፈ?› ብላ ሳቀች። እውነት ነው ወይስ ልጁን ናፍቆት ነካካው? ሌላም አለኝ። ጎረቤታችን ጦጣ አጥሩ ላይ አስሮ ያኖራል። ልጆቼ ‹እማ፣ ገመዱን ቆርጠን መናገሻ ጫካ እንልቀቃት› እያሉ አላስቀምጥ ብለውኛል። ብናደርገው ምን ይለዋል?»

ልጄ፣ በመጀመሪያ እናትሽን እጅ ነሥቷል በይልኝ። እኔም 31 ዓመት የእንስሳት ጤና ረዳት ሆኜ ሠርቼ የወጣሁ ጡረተኛ ነኝ። የዘይቱ ነገር በደንብ ይገባኛል። ወንድምሽ ግን አልዋሸም።

እነዚያ አሥራ አንዱ የኛ ዓይነት ዝንጀሮ አይመስሉኝም። አሜሪካ ላብራቶሪ ውስጥ የሚበዙት ማካክ የሚባሉ የእስያ ዝርያዎች ናቸው። ለእነሱ ጡረታ የሚያስገድድ ሕግ የለም። የምርምር ቦታው ፈቃደኛ ሲሆን፣ ተቀባይ ሲገኝና ገንዘብ ሲኖር ብቻ ነው የሚወጡት። በአስር ሺዎች ከሚቆጠሩት መካከል የወንድምሽ አሥራ አንዱ ሎተሪ ደርሷቸዋል። ቢያለቅስ አይገርመኝም።

ሕግ ያላቸው ቺምፓንዚዎች ናቸው። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2000 ፕሬዚዳንት ክሊንተን አንድ ሕግ ፈረሙ። መንግሥት ለምርምር የማይፈልጋቸው ቺምፓንዚዎች መኖሪያ ይሠራላቸው፣ ከመጦሪያቸው ወጪ 75 በመቶውን መንግሥት ይክፈል የሚል ነው። ቀሪውን መጠለያው ለምኖ ይሞላል። መኖሪያው ሉዊዚያና ግዛት ውስጥ ያለው ቺምፕ ሄቨን ነው። የመጀመሪያዎቹ የገቡት በ2005 ነው። የሚያስቀው፣ ሕጉ ሲወጣ ጡረተኛውን መልሶ ለምርምር የሚጠራበት ቀዳዳ ነበረው። ቀዳዳው የተደፈነው በ2007 ነው። ለእናትሽ ይህን ንገሪያት፤ ጡረታ ወጥቶ «ና ተመለስ» መባል የሰው ብቻ አይደለም። በ2015 ደግሞ የአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋም በቺምፓንዚ ላይ የሚደረግ ምርምር መደገፉን አቆመ፤ የቀሩትም ወደ መጠለያ ይግቡ ተባለ።

ታዲያ መኪና ላይ ጭኖ ወስዶ ማራገፍ አይደለም። ቲቢ ይመረመራሉ። ሲደርሱ ለብቻቸው ይቆያሉ። ከዚያ ከሌሎቹ ጋር በወንፊት ሽቦ በኩል ይተያያሉ፣ ይሸታተታሉ፣ ይገላመጣሉ። ይህ ሳምንታት፣ አንዳንዴም ወራት ይፈጃል። ዕድሜውን ሲሚንቶ ላይ የጨረሰ ቺምፓንዚ በሩ ሲከፈትለት ዘሎ የሚወጣ ይመስልሻል። ብዙዎቹ ደጃፉ ላይ ይቆማሉ። አንዱ እጁን ሣሩ ላይ ያሳርፍና፣ እሳት እንደነካው ሁሉ መልሶ ይሰበስበዋል። መጠለያ ውስጥ መውለድም የለም፤ ወንዶቹ ይመከናሉ። ያም ሆኖ ቺምፕ ሄቨን ውስጥ በ2007 መጀመሪያ አንዲት እናት ሳይታሰብ ልጅ ይዛ ተገኘች። ተፈጥሮ ሐኪም አትሰማም።

«መጀመሪያ የመቀመጫዬን አለች ዝንጀሮ» ይባል የለ? እዚህ ላይ ተረቱ ልክ ነው። የመጀመሪያው ጥያቄ የሚቀመጡበት ቦታ ነው። ቺምፓንዚ በሰው እጅ 50 ዓመትና ከዚያ በላይ ይኖራል። ማካክም 30 ሊሞላ ይችላል። ዛሬ የተቀበለ ሰው 20፣ 30 ዓመት ቀለብ ሊቆርጥ ነው።

ቀለቡ ሲቋረጥ ምን እንደሚሆን ላይቤሪያ ታይቷል። የኒው ዮርክ ደም ማዕከል ከ1974 ጀምሮ እዚያ በቺምፓንዚዎች ላይ ምርምር ያደርግ ነበር። ምርምሩ ሲያበቃ እንስሳቱ ወንዝ ውስጥ ያሉ ደሴቶች ላይ ተቀመጡ። ቺምፓንዚ ዋና አይችልም፤ ውሃው ራሱ አጥር ነው። ደሴቶቹ ላይ ግን በቂ ምግብ የለም፣ የሚጠጣ ውሃም እንደዚያው። በጀልባ ነው የሚቀርብላቸው። በ2015 ማዕከሉ ገንዘቡን አቆመ። ከ60 በላይ ቺምፓንዚዎች የጀልባ ድምፅ በሰሙ ቁጥር ዳር ላይ ወጥተው እጃቸውን ይዘረጉ ነበር። የአገሬው ጠባቂዎች ጥለዋቸው አልሄዱም። ዓለም ጮኸ፣ ሌላ ድርጅት ገባ፣ በ2017 ማዕከሉ 6 ሚሊዮን ዶላር ለመስጠት ተስማማ።

አሁን ወደ ጎረቤትሽ ጦጣ። ገመዱን አትቁረጪ።

ይህን የምልሽ ቆርጬ ስለማውቅ ነው። ወጣት ሳለሁ ሆለታ አካባቢ አንድ ሆቴል ግቢ ውስጥ ጦጣ ነበረች። ደንበኛው ቢራ ያጠጣታል፣ ሲጋራ ያስይዛታል። አንጀቴ ተቃጠለ። ባለቤቱን ለምኜ በማዳበሪያ ከረጢት ይዣት ወደ መናገሻ ሱባ ወጣሁ፤ አፄ ዘርዓ ያዕቆብ ጥዱን አስተከሉት የሚባለው ጫካ። ከረጢቱን ፈታሁ። ዛፍ ላይ ትወጣለች ብዬ ስጠብቅ ቁጭ አለች። ወገቧ ላይ ገመዱ የበላው ቦታ ፀጉር አልነበረውም፤ ዙሪያውን እንደ ቀበቶ ገርጥቷል። በኋላ የጫካው ጦጦች መጡ። ሁለት ሴቶች ወርደው ጆሮዋን ነከሷት። እየጮኸች ትከሻዬ ላይ ወጣችና ካፖርቴ ላይ ሸናች። እኔ ምን አደረግኩ? አውርጄ በድንጋይ አባረርኳት። ለእሷ ብዬ ነው፣ ትልመድ ብዬ። በዘጠነኛው ቀን የጫካ ጠባቂው አስጠራኝ። ወጥ ቤታቸው ደጃፍ እየመጣች እጇን ስትዘረጋ ውሻ ይዟታል። ቀብሯት ነበር የደረስኩት።

ያኔ ያላወቅኩት ይህ ነው። ሴት ጦጣ ዕድሜዋን በተወለደችበት መንጋ ውስጥ ነው የምትኖረው። መንጋ እየቀያየረ የሚሄደው ወንዱ ነው። ከሌላ ቦታ የመጣች ሴት ለእነሱ ምግብ ልትሻማ የመጣች ባዳ ናት። ሰው እጅ ያደገች ከሆነማ ጭራሽ ቋንቋቸውንም አትችልም።

ስለዚህ እንዲህ አድርጊ። የዱር እንስሳ ያለ ፈቃድ መያዝ በሕግ ክልክል ነው። ለኢትዮጵያ ዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣን አሳውቂ። ከናንተ ሩቅ ያልሆነ፣ በሆለታ መንገድ፣ እንስሳ ኮቴ የሚባል፣ ቦርን ፍሪ የተባለ የዱር እንስሳት ተንከባካቢ ድርጅት ማዕከል አለ። ከሰው እጅ የወጡ አንበሶች፣ አቦሸማኔዎች፣ ጦጦችም ያሉበት ነው። በራስሽ ይዘሽ አትሂጂ፤ በባለሥልጣኑ በኩል ይሁን። ከዚያ በፊት ግን ጎረቤትሽን ቡና ጥሪው። ክስ ከመጣበት ሰው ይልቅ ቡና የጠጣ ሰው ይሰማል። እስከዚያው ጥላና ውሃ እንዲያደርግላት ለምኚው። ልጆቹ ከረሜላ አይስጧት፣ እጃቸውንም አያስጠጉ። ከነከሰች ቁስሉን በሳሙናና በሚወርድ ውሃ 15 ደቂቃ እጠቢና በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ውሰጂ። የእብድ ውሻ በሽታ በጦጣም ይመጣል። «ትንሽ ጫረችኝ» ብሎ ማደር የለም።

ወንድምሽን ደግሞ አንድ ነገር ጠይቂልኝ። ከአሥራ አንዱ መካከል ተላምደው አብረው የኖሩት አብረው ሄዱ ወይስ ተለያዩ? እኔ ብሆን መጀመሪያ የምጠይቀው እሱን ነው።

ቦታ ስለተረፈኝ አንድ አጭር ጥያቄ ልጨምር። የሰበታ የስድስተኛ ክፍል ተማሪ ነው፤ «ቺምፓንዚ ጡረታ ሲወጣ ቀኑን ሙሉ ምን ይሠራል?» ይላል።

ጎበዝ። ጠዋት ምግቡን ይፈልጋል፤ ጠባቂዎቹ ሆን ብለው ይደብቁበታል፣ እንዳይሰለቸው። የኩይሳ ቅርጽ በሠሩለት ጉድጓድ ውስጥ እንጨት እየከተተ የተቀባለትን ጣፋጭ ይልሳል። ከጓደኛው ጋር ፀጉር ለፀጉር ሲፈታተሹ ሰዓቱ ይሄዳል። ይጣላል፣ ይታረቃል። ከምሳ በኋላ ጋደም ይላል፤ በዚህ እኔና እሱ አንድ ነን። ሲመሽ ድርቆሽና ብርድ ልብስ ሰብስቦ መኝታውን ራሱ ያነጥፋል፣ በየቀኑ አዲስ። አንተስ፣ አልጋህን የሚያነጥፍልህ ማነው?