ለሁለት ወር ያልጠፋ ነጭ ምልክት፦ ለእህታችን ጥያቄ የተሰጠ መልስ

እህታችን፣ ስለ አባትዎ የጻፉትን ጥያቄ ዛሬ ማለዳ አነበብሁት። በምላሳቸው ግራ ጎን ነጭ ነገር ከታየ ሁለት ወር እንዳለፈው፣ እንደማያማቸው፣ ሁለት ጊዜ መጉመጥመጫ ታዝዞላቸው ለውጥ እንዳላመጣ፣ ለብዙ ዓመታት ሲጋራ እንዳጨሱና አረቄም እንደሚጠጡ ገልጸዋል። ይህ ካንሰር ሊሆን ይችል እንደሆነ፣ ለማሕፀን በር ጫፍ ካንሰር የቅድመ ምርመራ እንዳለ ሁሉ ለአፍ ለምን እንደሌለም ጠይቀዋል። እዚሁ ጎንደር በጥርስ ሕክምና ሙያ 16 ዓመት አገልግያለሁና የማውቀውን እጽፋለሁ። ሳላያቸው ነው ወይም አይደለም ልልዎት አልችልም፤ ነገር ግን በዚህ ሳምንት ውስጥ ናሙና (ለምርመራ የሚቆረጥ ትንሽ ሥጋ) ወደሚወሰድበት የሕክምና ተቋም እንዲያደርሷቸው ከወዲሁ እለምንዎታለሁ።

ከጻፉት ሁሉ ያሳሰበኝ «አያማቸውም» ያሉት ነው። እኛ ዘንድ አፍ ውስጥ የወጣ ነገር ሁሉ ምች ይባላል፤ ካላመመ ደግሞ ይተዋል። እውነቱ ግን የሚያቃጥለው ትንሽ ቁስል አብዛኛውን ጊዜ በ10 ወይም በ14 ቀን ውስጥ ራሱ ሲድን፣ የአፍ ካንሰር በጅማሬው ብዙ ጊዜ ሕመም የለውም። ሕመም የሚመጣው እየጠለቀ ሲሄድ ነው። ስለዚህ በሙያችን የምንይዘው ደንብ ቀላል ነው፦ የሚወጋ የተሰበረ ጥርስ ወይም የማይመጥን ሰው ሠራሽ ጥርስ ካለ ተስተካክሎ፣ ከሁለት ሳምንት በኋላ ያልጠፋ ቁስል፣ ነጭ ወይም ቀይ ምልክት ናሙና ይወሰድለታል።

ይህን ደንብ የተማርሁት በትምህርት ቤት ቢሆንም የገባኝ በአንድ ታካሚ ነው። ሥራ በጀመርሁ በሁለተኛው ዓመት ከወገራ በኩል የመጡ አንድ አባት የታች መንጋጋ ጥርሳቸው ተነቃነቀ። የቀሩት ጥርሶቻቸው ጽኑ ነበሩ፤ ለምን አንዱ ብቻ እንደተነቃነቀ ግን አልጠየቅሁም። ነቀልሁላቸው፤ ያለ ምንም ትግል ወጣ። በሦስት ሳምንታቸው ተመልሰው ሲመጡ የተነቀለበት ጉድጓድ አልተዘጋም ነበር፤ ቀይ፣ ሻካራ፣ ሲነኩት ወዲያው የሚደማ ሥጋ ሞልቶታል። አጥቤ ፀረ ተሕዋስያን መድኃኒት አዘዝሁ። በሦስተኛው ጊዜ ከመንጋጋቸው ሥር እንደ ባቄላ ፍሬ ጠንካራ እብጠት በጣቴ ዳሰስሁ፤ ያን ጊዜ ናሙና ላክሁ፤ መልሱም ስኳመስ ሴል ካርሲኖማ፣ ማለትም ከአፍ ሽፋን የሚነሣው ካንሰር፣ ሆኖ መጣ። ጥርሱ የተነቃነቀው እርሱን የያዘውን አጥንት ካንሰሩ ስለበላው ነበር። ወደ አዲስ አበባ ላክናቸው፤ ነገር ግን ስድስት ሳምንት በእኔ እጅ ባክኖባቸዋል። ከዚያ ወዲህ ያለ ምክንያት የተነቃነቀ ጥርስ ሳይ እጄ ወደ መንቀያው አይሄድም።

በሽታው እንዴት እንደሚያድግ በአጭሩ ልግለጽ። ከአፍ ካንሰር ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነው የሚነሣው አፍን ከውስጥ ከሚሸፍነው ስስ ሽፋን ነው። የትምባሆ ጢስና አልኮል የዚህን ሽፋን ሕዋሳት ዘረ መል ለዓመታት ይጎዳሉ፤ ሁለቱ አብረው ሲገኙ አደጋው እያንዳንዳቸው ለየብቻ ከሚያመጡት ድምር እጅግ ይበልጣል። የሕዋስን እድገት የሚቆጣጠሩ እንደ ቲፒ53 ያሉ ዘረ መሎች ሲበላሹ ሕዋሳቱ ቅርጻቸውን መለወጥ ይጀምራሉ፤ ይህ ለውጥ ገና ከሽፋኑ ሳያልፍ ሊያዝ ይችላል። በ1953 እ.ኤ.አ. ተመራማሪው ስሎተርና ባልደረቦቹ እንዳሳዩት ጉዳቱ በሚታየው ቦታ ብቻ አይወሰንም፤ በዙሪያው ያለው ጤነኛ የሚመስል ሽፋንም ተለውጦ ሊገኝ ይችላል። አንድ ምልክት ተቆርጦ የወጣለት ሰው ለዓመታት ክትትል የሚያስፈልገው ስለዚህ ነው። ስለ ጫት ብዙ ጊዜ ስለምጠየቅ፦ በሚያኝኩበት በኩል ነጭ መሻከር እናያለን፤ ብቻውን ካንሰር ማምጣቱ ግን እንደ ትምባሆ በጥናት አልተረጋገጠም።

ወደ አባትዎ ልመለስ። ነጩን ነገር በጎዝ ጠራርገው ከተነሣ ፈንገስ ሊሆን ይችላል። የማይነሣ ከሆነና ሌላ ምክንያት ካልተገኘለት ሉኮፕላኪያ እንለዋለን። አብዛኛው ሉኮፕላኪያ ወደ ካንሰር አይለወጥም፤ ነገር ግን በምላስ ጎንና ከምላስ ሥር ያለውን፣ በተለይ ነጩ ከቀይ ጋር ከተቀላቀለ፣ እጅግ እንጠራጠረዋለን። ንጹሕ ቀይ የሆነው ምልክት ከነጩ ያነሰ ያስፈራ ይመስላል፤ ናሙናው ሲታይ ግን ከባዱ ለውጥ ብዙ ጊዜ የሚገኘው በእርሱ ነው። እናቶቻችን ድዳቸውን የተነቀሱት ጥቁረት ግን ለዓመታት ሳይለወጥ የኖረ ከሆነ አያስደነግጥም።

ናሙና ሲወሰድ በማደንዘዣ መርፌ ቦታው ይደነዝዛል፤ ከምልክቱ እጅግ አጠራጣሪ ከሆነው ክፍል ትንሽ ሥጋ ተቆርጦ ፎርማሊን ውስጥ ይገባል፤ አንድ ሁለት ክር ይሰፋል። ሰማያዊ ቀለም መቀባትም ሆነ ልዩ ብርሃን ማብራት የት እንደሚቆረጥ ሊጠቁም ይችላል፤ ናሙናው በማይክሮስኮፕ የሚታይበትን የፓቶሎጂ ምርመራ ግን አይተካም። «ብረት ከነካው ይሰራጫል» የሚለውን ፍርሃት አባትዎም ሊያነሡት ይችላሉ። እንዲህ ብለው የቀሩ ታካሚዎች አሉኝ፤ በሽታቸው የተሰራጨው ምርመራው ስለዘገየ ነበር። ጸበል የሚጠመቁ ከሆነም እየተጠመቁ ናሙናውን መስጠት ይችላሉ፤ አንዱ ሌላውን አይከለክልም።

ስለ ቅድመ ምርመራ የጠየቁት ሰፊ ጉዳይ ነው። ትልቁ ጥናት በ1996 እ.ኤ.አ. በሕንድ ኬረላ ግዛት የተጀመረው ሲሆን፣ ዕድሜያቸው 35 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆኑ ወደ 192,000 የሚጠጉ ሰዎች ተሳትፈውበታል። የሠለጠኑ የጤና ሠራተኞች ሐኪም ሳይሆኑ ቤት ለቤት እየዞሩ የሰውን አፍ በዓይን መረመሩ። በ2005 እ.ኤ.አ. በወጣው ውጤት ትምባሆ ወይም አልኮል በሚጠቀሙት ዘንድ በአፍ ካንሰር መሞት በ34 በመቶ ቀነሰ፤ በጠቅላላው ሕዝብ ግን አስተማማኝ ልዩነት አልታየም። ከ15 ዓመት ክትትል በኋላ በተጠቃሚዎቹ ዘንድ ቅናሹ 24 በመቶ ሲሆን፣ አራቱንም ዙር በተመረመሩት ተጠቃሚዎች ዘንድ 81 በመቶ ደርሷል። ሳይሰለቹ የሚመላለሱ ሰዎች በሌላም ነገር ጥንቁቅ ስለሚሆኑ ይህን የመጨረሻ ቁጥር እንዳለ አልወስደውም። የአሜሪካ የበሽታ መከላከል አማካሪ ቡድንም በ2013 እ.ኤ.አ. ምልክት ለሌለው ጎልማሳ ሁሉ ምርመራውን ለመምከር ማስረጃው በቂ አይደለም ብሏል።

የእኔ አስተያየት፣ ለእኛ ሰውን ሁሉ መመርመር ሳይሆን የሚያጨሱትንና የሚጠጡትን ዕድሜያቸው የገፋ ሰዎች በመጡበት አጋጣሚ ሁሉ አፋቸውን ማየት ይበጃል። ለጥርስ ሕመም የመጣ ሰው አፉን አስቀድሞ ከፍቶልናል፤ ምላሱን በጎዝ ይዞ ወደ ግራና ቀኝ ማውጣት፣ ከሥሩ ማየት፣ አንገቱን መዳሰስ ሦስት ደቂቃ አይፈጅም። የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎቻችንም ቢሠለጥኑ ይህን ማየት አያቅታቸውም።

እድገቱ ከ2 ሴንቲ ሜትር ካልበለጠና ጥልቀቱ ከ5 ሚሊ ሜትር ካላለፈ የመጀመሪያ ደረጃ ይባላል፤ ወደ አንገት እጢ ካልደረሰ ብዙ ጊዜ በቀዶ ሕክምና ብቻ ይድናል። ስለዚህ ሲሄዱ ሦስተኛ መጉመጥመጫ ቢታዘዝላቸው በትሕትና «ናሙና ይወሰድልን፣ ካልሆነም ሪፈር ይጻፍልን» ይበሉ። ምልክቱ የታየበትን ቀንና እስካሁን የወሰዱትን መድኃኒት በወረቀት ጽፈው ይያዙ፤ የፓቶሎጂው ውጤት የሚወጣበትንም ቀን ሳይጠይቁ እንዳይመለሱ።