መልስ፦ «በሽማግሌ ጨርሱት» ለተባለችው ጎረቤትሽ

እህቴ፣ አዳማ ያለችው ጎረቤትሽ ባሏ ደብድቧት ጣቢያ ብትሄድ «በሽማግሌ ጨርሱት» ብለው እንደመለሷት ጽፈሻል። እኔም ታናሽ እህቴን ይዤ ስሄድ ይህንኑ ሰምቻለሁ። የ1996ቱ ወንጀል ሕግ አንቀጽ 564 ግን በሚስት ላይ የሚፈጸም የኃይል ድርጊትን ወንጀል ይለዋል፤ የቤት ገመና አይደለም።

መጀመሪያ ሆስፒታል ትሂድ። አዳማ ውስጥ ሕክምናውንና የፖሊሱን ጉዳይ አንድ ቦታ የሚያስጨርስ ማዕከል አለ። የሕክምና ማስረጃ ያስፈልጋታል። ልብሷን እንዳታጥበው! የኛዋን ደም የነካው ሸሚዝ እናታችን «ሰው እንዳያየው» ብላ በኦሞ አጥባ አሰጣችው፤ እኔ ስደርስ ገመድ ላይ ውሃው ይንጠባጠባል። አስገድዶ ከደፈራት ደግሞ የኤችአይቪ መከላከያው በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመር አለበት። ብቻዋን አትላኪያት፣ አብረሻት ሂጂ።