ጠዋት የሰጠሁትን ማታ መልሼ እወስደዋለሁ

ጥያቄ፦ የተከበሩ የዓምዱ አዘጋጅ፣ የባለቤቴ ኩላሊቶች ሥራ ካቆሙ ሁለተኛ ዓመቱን ይዟል። በሳምንት ሁለት ጊዜ እጥበት ያደርጋል፤ ያለንን ሸጠን ስለጨረስን አሁን የምንኖረው በዘመድና በወዳጅ መዋጮ ነው። በየማለዳው ተንበርክኬ «ጌታ ሆይ፣ ለአንተ ሰጥቼዋለሁ» እላለሁ፤ ሲመሽ ግን ጭንቀቱ ተመልሶ እኔው ላይ ያርፋል። በቅርቡ አብራኝ የምትጸልይ እኅት፣ «ለእግዚአብሔር ከሰጠሽው ለምን ገንዘብ ፍለጋ ትሯሯጫለሽ? እጥበቱን ትታችሁ በእርሱ ታመኑ» አለችኝ። እምነቴ የይምሰል ይሆን?

መልስ፦ ውድ እኅታችን፣ ከሁሉ አስቀድሜ እጥበቱን እንዳታቋርጡ አጥብቄ እለምንዎታለሁ። የእጥበት ቀን ሲታለፍ ውኃና ፖታሲየም በሰውነት ውስጥ ይከማቻሉ፤ ይህም ልብን እስከ ማቆም ሊያደርስ ይችላል። ጓደኛዎ በቅንነት እንደ ተናገሩ አምናለሁ፤ ምክራቸው ግን ስሕተት ነው።

መዝሙር 37፥5 «መንገድህን ለእግዚአብሔር አደራ ስጥ» ይላል። የዕብራይስጡ ቃል ሸክምን አንከባልሎ በሌላው ላይ ማሳረፍን ያመለክታል፤ የእኛ ተርጓሚዎች ደግሞ «አደራ» ብለውታል፤ እኔም ይህን ቃል እወደዋለሁ። አደራ የሰጠ ሰው ንብረቱን አልጣለም፤ ለሚታመን አስረከበ እንጂ።

የይሁዳው ንጉሥ ሕዝቅያስ ይህን የተማረው በብዙ ዋጋ ነው። የአሦር ንጉሥ ሰናክሬም በመጣበት ጊዜ በመጀመሪያ 300 መክሊት ብርና 30 መክሊት ወርቅ ለመክፈል ሲል የቤተ መቅደሱን ደጆች ወርቅ ሳይቀር ገፍፎ ሰጠ፤ ከበባው ግን አልቀረለትም። ኋላ የዛቻ ደብዳቤ ሲደርሰው ወደ እግዚአብሔር ቤት ወጥቶ ደብዳቤውን በፊቱ ዘረጋው (2ኛ ነገሥት 19፥14)። ይኸው ሰው ግን ምንጮቹን የደፈነ፣ የፈረሰውን ቅጥር የጠገነ፣ ዛሬም በኢየሩሳሌም የሚታየውንና ከ500 ሜትር በላይ የሚረዝመውን የውኃ መተላለፊያ ያስቆፈረ ንጉሥ ነው። ኢሳይያስ በምዕራፍ 22 ሕዝቡን ሲወቅስ የውኃ መከማቻ መሥራታቸውን አልነቀፈም፤ የነቀፈው ያን ሁሉ ሲሠሩ ወደ እግዚአብሔር አለመመልከታቸውን ነው። ሕዝቅያስ ለሞት በታመመ ጊዜም እግዚአብሔር 15 ዓመት እንደሚጨምርለት የነገረው ያው ነቢይ፣ የበለስ ጥፍጥፍ በእባጩ ላይ እንዲደረግ አዘዘ። የተስፋ ቃል የተቀበለው ሰው መድኃኒቱንም ተቀብሏል።

እንግዲህ ለእግዚአብሔር አደራ የሚሰጡት ሩጫዎን ሳይሆን የጸሎትዎ መልስ ምን ዓይነት እንደሚሆን ነው። ይህ ከሩጫው ይልቅ የሚከብድ መሆኑን አውቃለሁ፤ «ፈውሰው» ብሎ ከለመኑ በኋላ «ባትፈውሰውም አንተ አባቴ ነህ» ማለት በአንድ ጠዋት የሚያልቅ ጸሎት አይደለም። ጌታ ራሱ በጌቴሴማኒ ጽዋው እንዲያልፍ በግልጽ ለምኖ፣ «ነገር ግን አንተ የምትወደው እንጂ እኔ የምወደው አይሁን» አለ፤ ማቴዎስም ያንኑ ቃል ደግሞ ሦስተኛ ጊዜ እንደ ጸለየ ይነግረናል። ስለዚህ ማታ ተመልሶ የሚመጣው ጭንቀት የጠዋቱን ጸሎት ሐሰት አያደርገውም፤ ማታም እንደገና ያስረክቡታል፣ እኩለ ሌሊት ላይ ከነቃም እንዲሁ። ማልቀስዎንም እንደ ክህደት አይቍጠሩት፤ ሕዝቅያስም አልቅሷል፤ እግዚአብሔርም «እንባህን አይቻለሁ» ብሎታል።

የሚቀጥለውን የክፍያ ወረቀት ሲቀበሉ ከባለቤትዎ ጋር በጌታ ፊት ዘርግተው ይጸልዩበት፤ ባለቤትዎም የሚፈሩትን በራሳቸው አንደበት ይናገሩ። ጓደኛዎንም በአንዱ የእጥበት ቀን አብረዋችሁ እንዲሄዱና እዚያው አጠገባችሁ ተቀምጠው እንዲጸልዩ ይጠይቋቸው።